ኩላሊት ለመለገስ የፈቀደ ዘመድ የጤና ሥጋት ሲኖርበት

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕክምና በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከተጀመረ ወዲህ አገልግሎቱ በዋናነት የተመሠረተው ኩላሊታቸውን በፈቃዳቸው በሚሰጡ የቅርብ ዘመዶች ላይ ነው። በመሆኑም ለአንድ ታማሚ የሚገኙት ለጋሾች ጥቂት ናቸው። ፈቃደኛ ሆኖ የቀረበው ብቸኛ ዘመድ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ሥጋት ሲኖርበት፣ «አይሆንም» የሚለው የሐኪሞች ውሳኔ ለቤተሰቡ የተስፋ በር መዘጋት ሆኖ ይታያል። ውሳኔው የሚሰጥበትን ምክንያት መረዳት የሚያስፈልገውም በዚህ የተነሣ ነው።

ለጋሹ ራሱን የቻለ ታካሚ ነው

ኩላሊት የሚለግስ ሰው ለራሱ ሕመም ሳይሆን ለሌላው ፈውስ ሲል ለቀዶ ሕክምና የሚቀርብ ጤነኛ ሰው ነው። አንዱ ኩላሊት ከወጣ በኋላ የቀረው ሥራውን በመጨመር የቀድሞውን የማጣራት አቅም ሰባ በመቶ ያህል ይሸፍናል። ይህ ለጤነኛ ሰው በቂ ነው፤ አስቀድሞ የተጎዳ ወይም ለጉዳት የተጋለጠ ኩላሊት ላለው ሰው ግን የመጠባበቂያ አቅሙን ያሳጣዋል።

በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት ጉዳዩን በቁጥር ያሳያል። በጥናቱ ግምት መሠረት በሕይወት ዘመናቸው ለኩላሊት ሥራ ማቆም የሚዳረጉት ከ10,000 ለጋሾች 90፣ እንደ ለጋሾቹ ጤነኛ ሆነው ካልለገሱ 10,000 ሰዎች 14፣ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ደግሞ ከ10,000 ሰዎች 326 ናቸው። የለጋሾቹ ቁጥር ከአጠቃላዩ ሕዝብ ያነሰው መለገስ ከሕመም ስለሚጠብቅ ሳይሆን፣ ለጋሾቹ በጥብቅ ምርመራ የተመረጡ ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ይህ አኃዝ የጤና ሥጋት ላለበት ሰው ዋስትና ሆኖ ሊጠቀስ አይችልም።

ሥጋቱ እንዴት ይመዘናል?

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የኩላሊት የማጣራት አቅም 90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ተቀባይነት እንዳለው፣ ከ60 እስከ 89 ያለው እንደ ለጋሹ ሁኔታ እንደሚታይ፣ ከ60 በታች ከሆነ ግን ልገሳው እንደማይፈቀድ ያስቀምጣል። በአንድ ወይም በሁለት መድኃኒት በሚገባ የተስተካከለና በልብ፣ በዓይን ወይም በኩላሊት ላይ ጉዳት ያላደረሰ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሊለግስ የሚችልበት ሁኔታ አለ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን አይለግስም።

በዚህ ረገድ ብዙዎች የማያስተውሉት የዕድሜ ጉዳይ ነው። ወጣት መሆን ብቻውን ተመራጭ ለጋሽ አያደርግም። የስኳር መጠኑ ከፍ ማለት የጀመረ የ25 ዓመት ወጣት በአንድ ኩላሊት የሚኖርባቸው በርካታ አሥርት ዓመታት ከፊቱ አሉ፤ ሕመሙም ሊጎለብት የሚችለው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በአንጻሩ መጠነኛና የተስተካከለ የደም ግፊት ያለባቸው የ60 ዓመት እናት ቀሪ ሥጋታቸው ከወጣቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ገና መውለድ የምትሻ ሴትም አስቀድማ ልትመከር ይገባል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት ከልገሳ በኋላ ባረገዙ ሴቶች ላይ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ችግር በ11 በመቶ፣ ባልለገሱት ላይ ግን በ5 በመቶ መታየቱን አመልክቷል።

«አይሆንም» ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ሊታከም የሚችል ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ሁኔታው ከተሻሻለ በኋላ ዳግም ሊመረመር ይችላል።

የቤተሰብ ጫናና የተደበቀ ሕመም

ለጋሹ የቅርብ ዘመድ በሆነበት አሠራር ትልቁ ፈተና ይሉኝታ ነው። እኅቱን ወይም ልጁን ለማዳን የሚጓጓ ሰው የሚወስደውን መድኃኒት ሊደብቅ ይችላል፤ የፈራም ፍርሃቱን በቤተሰቡ ፊት መናገር ይሳነዋል። ለዚህም ነው ለጋሹ ከተቀባዩ ተለይቶ ለብቻው ሊመረመርና ሊመከር የሚገባው። የጤና መረጃው ምስጢር ነው፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እስከሚገባበት ጊዜ ድረስም ሐሳቡን የመለወጥ መብት አለው። በዚህ ጊዜ የሕክምና ቡድኑ ምክንያቱን ሳይዘረዝር «ለመለገስ ብቁ አይደለም» ብሎ ለቤተሰቡ ማስታወቅ ይችላል።

የለገሰ ሰው ክትትሉ ከሆስፒታል ሲወጣ አያበቃም። ቢያንስ በየዓመቱ የደም ግፊቱን፣ የስኳር መጠኑን፣ የኩላሊቱን ሥራና በሽንቱ ውስጥ የሚገኘውን ፕሮቲን መመርመር፣ እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመውሰድ መቆጠብ ይኖርበታል።

የንቅለ ተከላ ዓላማ አንድን ሰው ከኩላሊት እጥበት ማላቀቅ እንጂ፣ ከዓመታት በኋላ ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ለእጥበት እንዲሰለፍ ማድረግ አይደለም። ለጋሹ የጤና ሥጋቱን ሳይደብቅ ሲናገር፣ ቤተሰቡም ውሳኔውን በመረዳት ሲቀበል የሁለት ሰዎች ሕይወት ይጠበቃል።