ያልተለካ ብርሃን፦ የፎቶኒክስ ዕድገት በኪሎ ሜትርና በብዛት ሲቆጠር

የአንድ አገር የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ዕድገት የሚታየው በተዘረጋ ገመድ ርዝመት፣ በተከፋፈለ መሣሪያ ብዛትና በሠለጠነ ወጣት ቁጥር ነው የሚለው አስተሳሰብ በኢትዮጵያ የዕቅድና የሪፖርት አሠራር ውስጥ ሥር ሰድዷል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የኮደሮች ሥልጠና ስሙን ያገኘው ሊደርስበት ካሰበው የ5 ሚሊዮን ቁጥር መሆኑ የአስተሳሰቡን ጥልቀት ያሳያል። ይህ አቆጣጠር ክፉኛ የሚያሳስተው ግን ፎቶኒክስ ላይ ሲደርስ ነው። ፎቶኒክስ ብርሃንን የማመንጨት፣ የመምራት፣ ወደ ሌላ ኃይል የመለወጥና የመለካት ሳይንስና ኢንዱስትሪ ሲሆን፣ ሌዘርን፣ የፋይበር ገመድን፣ የፀሐይ ፓኔልን፣ የኤልኢዲ መብራትንና የካሜራ ሌንስን በአንድ ጥላ ሥር ያሰባስባል። ኢትዮጵያ እነዚህን ሁሉ ትገዛለች፣ ትጠቀማለችም፤ ሆኖም ብርሃኑን የሚለካ፣ ጉድለቱን ለይቶ የሚያውቅና የሚጠግን ባለሙያ በየአካባቢው እስካልበቀለ ድረስ የግዢው ብዛት ብቻውን ዘርፍ አያሰኝም። በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ እንጅባራና ጎረቤቷ ዳንግላ ይህን ለመመርመር ከአዲስ አበባ ይልቅ ይመቻሉ፤ በዋና ከተማ የዕቃው ብዛት የሙያውን እጥረት ይሸፍነዋልና።

ሁለቱ ከተሞች ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በረጅም ርቀት ፋይበር ውስጥ ብርሃን የሚጓዝበት የመስታወት እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያነሰ ሲሆን፣ ብርሃኑ በየኪሎ ሜትሩ 0.2 ዴሲቤል ያህል ይደክማል፤ ዴሲቤል አንድ ኃይል ከሌላው አንጻር ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚገልጽ መለኪያ ነው። በዚህ ስሌት ከእንጅባራ የተላከ ብርሃን ዳንግላ ሲደርስ 8 ዴሲቤል አጥቶ ከመነሻው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀረዋል፤ ተቀባዩ መሣሪያ ግን በዚያው ያለ ችግር ይሠራል። ችግር የሚፈጠረው ገመዱ በመንገድ ሥራ ወይም በቁፋሮ ተቆርጦ በሚቀጠልበት ጊዜ ነው። በንጽሕና የተበየደ ቅጥያ የሚያጠፋው ከ0.1 ዴሲቤል በታች ሲሆን፣ ጫፉ አቧራ ወይም እርጥበት ይዞ የተበየደው ግን ብዙ እጥፍ ሊያጠፋ ይችላል። እያንዳንዳቸው 0.5 ዴሲቤል የሚያጠፉ አምስት ቅጥያዎች ተደምረው ከ12 ኪሎ ሜትር ሙሉ ገመድ የበለጠ ብርሃን ይበላሉ፤ የኪሎ ሜትር ሪፖርቱ ግን ከዚህ አንዱንም አያሳይም። ጉድለቱን የሚያሳየው የብርሃን ምት ልኮ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ጭላንጭል እያነበበ ብልሽቱ በስንተኛው ሜትር ላይ እንዳለ የሚጠቁመው ኦቲዲአር የተባለው መሣሪያና ንባቡን የሚረዳው ባለሙያ ብቻ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜም የገመድ ርዝመት የአገልግሎት ዋስትና አለመሆኑ በሌላ መንገድ ታይቷል።

በፀሐይ ኃይልም ረገድ ነገሩ ከዚህ አይለይም። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሁሉም ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ሲያልም፣ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ ላሉ አማራጮች፣ በተለይም ለፀሐይ፣ መድቦ ነበር። ይሁንና ለምሳሌ በአንድ ፓኔል ጀርባ ላይ የተጻፈው 50 ዋት የሚገኘው በቤተ ሙከራ ሁኔታ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን በሚያርፍበትና የፓኔሉ ሙቀት 25 ዲግሪ በሆነበት ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ በጨመረው እያንዳንዱ ዲግሪ የተለመደው የሲሊከን ፓኔል ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል፤ በመሆኑም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የእንጅባራ ብርድ በበጋ ከቆላው የተሻለ ምርት ሲያስገኝ፣ ረጅሙ የክረምት ደመናዋ ደግሞ ያንኑ ትርፍ መልሶ ይወስዳል። ለአንድ የአዊ ገበሬ ቤት ስንት ዋት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሁለቱን ከሚያመዛዝን የአካባቢ ልኬት እንጂ ከተከፋፈለ ፓኔል ቁጥር አይደለም። በጠራ ቀትር ፓኔሉን ወደ ፀሐይ አዙሮ ቮልቱንና አምፔሩን በመልቲሜትር ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በሌለበት ገበያ ግን እውነተኛውና ሐሰተኛው ዋት በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፣ ባትሪው ብቻ የሞተበት መሣሪያም ከነጤናማ ፓኔሉ ይጣላል።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ድርሻም ከዚህ ትችት አያመልጥም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል፣ በተለይ በ2008 እ.ኤ.አ. በኳንተም ኦፕቲክስ ላይ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ባሳተሙት በዶ/ር ፍሥሐ ካሣሁን አማካይነት፣ ስለ ሌዘርና መዋዠቁ ስለተገታ ብርሃን የሚያጠና የንድፈ ሐሳብ ወግ ተተክሏል። ርእሰ ጉዳዩ ከንቱ አይደለም፤ ከሩቅ ሕዋ የሚመጡ የስበት ሞገዶችን የሚያጠምዱት የአሜሪካ መሣሪያዎች ዛሬ ይህንኑ ዓይነት ብርሃን ይጠቀማሉ። ነቀፌታው የሚገባው ንድፈ ሐሳቡን ሳይሆን በወረቀት፣ በእርሳስና በኮምፒውተር ብቻ የሚጠናቀቅ ጥናት በቂ ሆኖ እንዲታይ ያደረገውን ሥርዓት ነው፤ በዚህ ሥርዓት አንድ ተማሪ አንድም ጊዜ የሌዘር ጨረር በመስታወት አቅጣጫ ሳያስይዝ ስለ ሌዘር ጽፎ ሊመረቅ ይችላል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ማስተማር የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ልማድ ከወረሰ፣ በፊዚክስ ክፍሉና በከተማው ኬብል በሚቀጥለው ባለሙያ መካከል ያለው ርቀት ከአዲስ አበባው አያንስም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ድሃ አገር በትንንሽ ሙያ ከሚዘገይ በትልቅ ፋብሪካ ይዝለል የሚል ሲሆን፣ ለአብነትም የጃፓኑ ቶዮ ኩባንያ 2 ጊጋ ዋት አቅም ይዞ በሐዋሳ ያቋቋመው የፀሐይ ሴል ፋብሪካ ይጠቀሳል። ፋብሪካው የሥራ ዕድልና የውጭ ምንዛሪ ማስገኘቱ አይካድም፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎችን ወደ አዳዲስ አገሮች ከገፉት ዋና ምክንያቶች አንዱ አሜሪካ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በሚመጣ የፀሐይ ሴል ላይ የጣለችው ቀረጥ በመሆኑ፣ ቀረጥ ያመጣውን ቀረጥ ሊወስደው ይችላል። በአንጻሩ ሕዝቧ ከ3 ሚሊዮን የማይበልጠው ሊቱዌኒያ ዛሬ ለዓለም ቤተ ሙከራዎች ሌዘር የምትሸጠው በቪልኒየስ ዩኒቨርሲቲ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌዘር በእጅ እየሠሩ የተማሩ ሰዎች ኋላ የራሳቸውን ኩባንያዎች ስላቋቋሙ ነው።

የልኬት ሙያ ለገጠር ይከብዳል የሚለውን ሰበብ ደግሞ ዳንግላ ራሷ ታፈርሰዋለች። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የአባይን መንገድ ለክቶ ካርታ ሲያወጣ የአገሬው ሰው መንገድ መሪና በቅሎ ነጂ ነበረ፤ የልኬቱም ፍሬ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በለንደን ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በዚያው ወረዳ የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ ራሳቸው እየለኩ መዝግበዋል፤ መረጃቸውም ተፈትሾ ለሳይንሳዊ ሥራ የሚበቃ ሆኖ ተገኝቷል። ውኃን በዚህ ትክክለኛነት የለካ ማኅበረሰብ ብርሃንን መለካት አይሳነውም።

ስለዚህ ፎቶኒክስን አገራዊ ዘርፍ ማድረግ የሚሻ መንግሥት መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ መቀየር ይኖርበታል። ስንት ኪሎ ሜትር ተዘረጋ ከማለት ይልቅ በየቅጥያው ስንት ዴሲቤል ጠፋ፣ ስንት ፓኔል ተከፋፈለ ከማለት ይልቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይሠራል፣ ስንት ተማሪ ተመረቀ ከማለት ይልቅ ስንቱ የብርሃን መሣሪያ ፈትቶ ገጠመ ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ለመጀመር በየዞኑ አንድ የፋይበር መበየጃ፣ አንድ ኦቲዲአር፣ የብርሃን ኃይል መለኪያና መልቲሜትር ያሉት፣ ለዩኒቨርሲቲውም ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጁም ለከተማው ጠጋኝም ክፍት የሆነ ወርክሾፕ ይበቃል። ወጪው ከአንድ ፋብሪካ የምረቃ በዓል ጋር የሚወዳደር እንጂ ከፋብሪካው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እንጅባራ ላይ ይህን ማድረግ ያልቻለ ዕቅድም ሐዋሳ ላይ የቆመውን የራሱ አድርጎ ሊቆጥር አይገባውም።