ማሳውን ወርቅ የሚያደርገው ፊርማ የማን ነው?

በእንግሊዝ ገጠር፣ በአንዲት ትንሽ መንደር ዳር ባለ ማሳ ላይ ቤት ለመሥራት ማመልከቻ በገባ ቁጥር የሚነሣው ጠብ አንድ ዓይነት ነው። ነዋሪው «መንገዱ ጠባብ ነው፤ የፍሳሽ መስመሩ አይችልም፤ ክሊኒኩ ሞልቷል» ይላል። አልሚው ደግሞ «አገሩ ቤት አጥቷል፤ እናንተ ግን ከመስኮታችሁ ማዶ ከበግ በቀር ማየት አትፈልጉም» ብሎ ይመልሳል። ጋዜጣውም ፖለቲከኛውም ከሁለቱ ለአንዱ ያጨበጭባል። ሁለቱም የማያነሡት ጥያቄ ግን አለ፤ የጠቡም ሥር ያለው እዚያ ነው፦ ማሳው የቤት መሬት ሲሆን ድንገት የሚፈጠረው ገንዘብ የማን ነው?

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ከዐሥር ዓመት በፊት ባወጣው ግምት፣ አንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በአማካይ ወደ 20 ሺህ ፓውንድ ያወጣ ነበር። ያው መሬት የመኖሪያ ቤት ፈቃድ ሲያገኝ፣ ከለንደን ውጭ እንኳ፣ ዋጋው ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋል። መቶ እጥፍ ማለት ነው። በዚህ መሀል አንድም ጡብ አልተነባበረም፤ አንድም መሠረት አልተቆፈረም። የተጨመረ ነገር ቢኖር የወረዳው ምክር ቤት ፊርማ ነው። ፊርማው የሕዝብ ነው። መሬቱን ተፈላጊ ያደረጉት መንገድና ትምህርት ቤትም የሕዝብ ናቸው። ትርፉ ሲመጣ ግን ሕዝቡ ከበር ውጭ ይቆማል።

እንግሊዞች ይህ ጠፍቷቸው አያውቅም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የአትሊ መንግሥት በ1947 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የፕላን ሕግ፣ መሬቱን ለባለቤቱ ትቶ የመገንባት መብቱን በመንግሥት እጅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የራስን ማሳ ማረስ እንጂ ቤት መሥራት ያለ ፈቃድ አይቻልም። ፈቃዱ የሚፈጥረው የዋጋ ጭማሪም በሙሉ፣ መቶ በመቶ፣ ለመንግሥት እንዲከፈል ተደነገገ። እርግጥ ሕጉ እንከን ነበረበት፤ ባለመሬቱ ምንም ስለማይቀርለት መሸጡን ትቶ የመንግሥት ለውጥ መጠበቅ ጀመረ። ጠብቆም አላፈረም። ወግ አጥባቂዎቹ ሥልጣን ይዘው በ1953 ክፍያውን ሰረዙት፤ በ1959 ደግሞ መንግሥት መሬት በግዴታ ሲገዛ በገበያ ዋጋ እንዲከፍል አደረጉ። ፈቃድ የመስጠቱ ድካም ለሕዝብ ቀረ፤ የፈቃዱ ዋጋ ወደ ግል ኪስ ገባ።

ምንም አይከፈልም ማለት አይደለም። በ1990 የወጣው ሕግ አንቀጽ 106 አልሚው ፈቃድ ሲያገኝ ለመንደሩ ግዴታ እንዲገባ ለማድረግ ያስችላል፤ ከቤቶቹ የተወሰኑትን በአነስተኛ ዋጋ ለማቅረብ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ ገንዘብ ለማዋጣት። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ነገር ግን ፈቃዱ ከወጣ በኋላ «የአዋጭነት ጥናት» የሚባል ሰነድ ብቅ ይላል። የመንግሥት መመሪያ ከሽያጩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ትርፍ ለአልሚው ተገቢ ነው ብሎ ስለሚቀበል፣ ወጪ ጨመረ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ትርፉ አይሆንም፤ ለድሃው ቃል የተገባለት ቤት ነው። ለመሬቱ ውድ ዋጋ መክፈል ሰበብ እንደማይሆን መመሪያው ቢናገርም ድርድሩ አልቆመም። አንዳንዱ አልሚ ደግሞ ከነጭራሹ ድርድር ውስጥ አይገባም፤ ግዴታው በአብዛኛው ከ10 ቤት ስለሚጀምር 9 ቤት ብቻ ያመለክታል። ለመንደሩ ወጣት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ደረሰበት።

መንደሩ ይህን ሲያይ ምን ማድረግ ይችላል? ማስታወቂያው የመብራት እንጨት ላይ ይለጠፋል፤ አስተያየት መስጫው 21 ቀን ነው። የመንደሩ ምክር ቤት ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይወስንም። በወረዳው የፕላን ኮሚቴ ፊት ተቃዋሚው ብዙውን ጊዜ 3 ደቂቃ ይናገራል። ከዚያ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን አልሚው ለማዕከላዊው መንግሥት ተቆጣጣሪ ይግባኝ ይላል። ፈቃዱ ቢሰጥ ግን ነዋሪው ይግባኝ የለውም፤ የሚቀረው ፍርድ ቤት ሄዶ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል ብሎ መሟገት ነው፣ ያውም ጠበቃ የሚከፍልበት ካለው። ጎረቤት አየርላንድ ለሦስተኛ ወገን የይግባኝ መብት ስትሰጥ እንግሊዝ አልሰጠችም። በር ለአንድ ወገን ብቻ ሁለት ጊዜ ይከፈታል።

ከዚህ የባሰም አለ። ወረዳው ለ5 ዓመት የሚበቃ የቤት መሬት ማዘጋጀቱን ማሳየት ካልቻለ ሚዛኑ ወደ ፈቃድ ያጋድላል። ቤቶቹ በምን ፍጥነት እንደሚሠሩ የሚወስነው ግን ወረዳው አይደለም። ኦሊቨር ሌትዊን በ2018 ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት ትልልቅ ቦታዎች ቀስ ብለው የሚገነቡት የአካባቢው ዋጋ እንዳይወርድ ገበያው በሚችለው ልክ ስለሚሸጡ መሆኑን አስረድተዋል። እንግዲህ አልሚው ይዘገያል፤ በመዘግየቱ ወረዳው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለአልሚው ሌላ ማሳ ይሆናል።

ነዋሪውም ከወቀሳ አያመልጥም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይደበድባል። የሌሊት ወፍ ጎጆ እየቆጠረ፣ የጥንቱን አጥር እያነሣ ቤቱን ራሱን ይዋጋል፤ ምንም ባልተሠራ ቁጥር የራሱ ቤት ዋጋ እንደሚወጣ ግን አይናገርም። ከ1980 ጀምሮ የምክር ቤት ኪራይ ቤቶች ለተከራዮቻቸው ተሽጠው ብዙዎቹ ሳይተኩ ቀሩ። ዛሬ የመንደሩን አዛውንት የምታስታምመው ሴት ከሩቅ ከተማ እየነዳች ትመጣለች። ልጅ ያነሰው ትምህርት ቤት የመዘጋት ሥጋት ያንዣብብበታል። «መንደራችን እንዳለች ትቆይ» የሚለው መፈክር መንደሯን ቀስ ብሎ ይቀብራታል።

ሰው በተፈጥሮው ቤት ጠል ነው እንዳይባል ደግሞ ማስረጃ አለ። በኮርንዎል ባለችው ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ በሴንት አይቭስ፣ በ2016 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጪዎች አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ ይሁን ያለውን ዕቅድ ደግፈዋል። ጥያቄያቸው «ለማን ይሠራ?» የሚል ነበር። በብዙ መንደሮችም በተለምዶ ፈቃድ በማይሰጥበት ዳር ላይ፣ ለአካባቢው ሰው ብቻ በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራ ቤት በልዩ ሁኔታ ይፈቀዳል። ባለመሬቱ የሚሊዮን ተስፋ ስለሌለው በመጠነኛ ዋጋ ይሸጣል። የዘረፋው ገንዘብ ሲጠፋ መስማማት ይቀላል።

የአሁኑ የሌበር መንግሥት በአንድ የምርጫ ዘመን 1.5 ሚሊዮን ቤት አሠራለሁ ብሏል፤ በ2024 መጨረሻም የወረዳዎቹን ኮታ እንደገና ግዴታ አድርጎታል። ቤት ያስፈልጋል፤ እውነት ነው። ፈቃድ ማብዛት ብቻውን ግን ፊርማውን ማብዛት ነው፤ ፊርማው በነፃ እስከታደለ ድረስ የሚበዛው የባለመሬቱና የአልሚው ሀብት ነው። መሣሪያው ሩቅ አይደለም። ስቲቨኔጅን የመሰሉ አዳዲስ ከተሞች ከጦርነቱ በኋላ የተቆረቆሩት መሬት ለእርሻው በሚመጥን ዋጋ እየተገዛ ነው። በ2023 የወጣ ሕግም በአንዳንድ ሁኔታዎች፣ ሚኒስትር ሲፈቅድ፣ «ወደፊት ይፈቀድ ይሆናል» የሚለው ተስፋ የሚጨምረው ዋጋ ሳይከፈል መሬት እንዲገዛ በር ከፍቷል። ምክር ቤቶች በዚህ በር ይግቡ፤ አንዴ የተፈረመ የአነስተኛ ዋጋ ቤት ቃል በአዋጭነት ጥናት አይታጠፍ፤ ነዋሪውም እንደ አልሚው ይግባኝ ይኑረው።

ይህ እስኪሆን ድረስ መንደሩ ስለ ፍሳሽ መስመር ሲጨቃጨቅ ይከርማል፤ ሚሊዮኑ በጓሮ በር ይወጣል።