ትርፍና ጥበብ በጨዋታ አሳታሚዎች ዘንድ

ጨዋታ የሰው ልጅ የቆየ ጓደኛው ነው። አባቶቻችን ጉድጓድ ምሰው፣ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ሲጫወቱ ዋጋ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዛሬ ግን ከጅቡቲው ራስ ዲካ የባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ወጣቱ በእጅ ስልኩ የሚጫወተው ጨዋታ የብዙ ባለሙያዎች ድካምና የብዙ ገንዘብ ውጤት ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው አሳታሚ ድርጅት ትርፍ መፈለጉ አያስነቅፈውም፤ ያለ ትርፍ ለሠራተኛው ደመወዝ፣ ለሚቀጥለውም ሥራ መነሻ አይገኝምና። ይሁን እንጂ ትርፍ ጥራትን ሲበላ ራሱንም መብላቱ አይቀርም።

ለዚህ አታሪ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። ድርጅቱ የአዘጋጆቹን ስም በጨዋታዎቹ ላይ አያወጣም ነበር። በክፍያውና በስማቸው መደበቅ ያዘኑ አራት ምርጥ ባለሙያዎች ለቀው ወጡና፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 አክቲቪዥን የተባለው ተወዳዳሪ ድርጅት ተመሠረተ። በ1982 ደግሞ አታሪ «ኢ.ቲ.» ከተባለው ዝነኛ ፊልም የተወሰደ ጨዋታ ለገና ገበያ ለማድረስ ሲል ለአዘጋጁ የሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ጨዋታው በሚሊዮን ቢባዛም አብዛኛው ገዢ አጣ። በ1983 በኒው ሜክሲኮ የቆሻሻ መጣያ የተቀበረው ዕቃ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ አታሪ ግን ያፈሰሰውን መልቀም እንኳ አልቻለም።

በ1985 ወደዚያው የአሜሪካ ገበያ የገባው የጃፓኑ ኒንቴንዶ በበኩሉ አንድ አሳታሚ በዓመት ከአምስት በላይ ጨዋታ እንዳያወጣ ደነገገ። ደንቡ ለራሱ ለኒንቴንዶ ሥልጣን ማብዛቱ ባይካድም፣ የጨዋታው ቁጥር መወሰኑ የገዢውን እምነት ለመመለስ ረድቷል።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» በተሰኘው ጨዋታው ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮን አቅርቧል፤ ገበጣንም ለእጅ ስልክ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለው ሥራ ገና ለጋ ነው። አሳታሚው ቶሎ ለማትረፍ የውጭውን እየቀዳ ቢያቀርብ፣ የሚጠፋው የአገሩ ልጅ የራሱን ተረትና ጨዋታ በአዲስ መልክ የሚያይበት ዕድል ነው።

ስለዚህ አሳታሚ ለባለሙያው በቂ ጊዜ ይስጥ፤ ስሙን አይደብቅ፤ ያልተፈተነ ሥራም ለገበያ አያውጣ። ተጫዋቹም በበኩሉ ጥሩውን ሥራ ዋጋውን ከፍሎ ይግዛ። ገበያ ጥበብን ሊያኖር የሚችለው ሁለቱም የየድርሻቸውን ሲወጡ ነው።