መንዝ ባሕር የላትም

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሥዕል ትርኢት ላይ የመንዝን ማለዳ ያሳያል ከተባለ ሸራ ፊት ቆምኩ፡፡ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ገደሉ ብርቱካንማ፣ ጥላው ሐምራዊ ነው፡፡ አብሮኝ የነበረው ልጄ «አባዬ፣ አገርህ እንዲህ ነው?» አለኝ፡፡ «አይደለም» አልኩት፡፡ አንድ ወዳጄ ደግሞ «የሴዛን ተጽዕኖ ይታይበታል» ሲል አሞገሰው፡፡ እኔ ግን ይህን እንደ ክስ ነው የወሰድኩት፡፡

ለመሆኑ ሴዛን ምን አደረገ? ማርሴይ አጠገብ ወዳለችው ሌስታክ ወደምትባል የባሕር ዳር መንደር እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ተመላለሰ፡፡ ያንኑ ባሕረ ሰላጤ፣ ያንኑ ጣራ፣ ያንኑ ኮረብታ ደጋግሞ አየ፡፡ ብርቱካንማውን የሳለው የሸክላው ጣራ እዚያ ስላለ ነው፤ ሰማያዊውንም ሜዲትራኒያን ከፊቱ ስለተዘረጋ፡፡ ከፒሳሮ ብዙ ተምሯል፡፡ የፒሳሮን የሰሜን ፈረንሳይ ሰማይ ግን ተሸክሞ ወደ ደቡብ አልወረደም፡፡

የእኛዎቹ ቀለሙን ወሰዱ፤ ትዕግሥቱን ተዉት፡፡

የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ይጀምራል፡፡ በኅዳር ማለዳ ውርጭ ሣሩ ላይ ይተኛል፡፡ ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ይውጠዋል፡፡ ቤቱ ድንጋይ ነው፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር፡፡ ያንን ሣር ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዓመታት ከልሎ፣ ሲደርስ ያጭደው ነበር፡፡ እዚህ አገር የሣሩ ግራጫ እንኳ ታሪክ አለው፡፡ በየትኛው ሸራ ላይ አያችሁት?

«ሠዓሊ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል፡፡ እውነት ነው፡፡ ቢሻው ሰማዩን ቀይ ያድርገው፡፡ ነገር ግን አይቶ ይለውጥ! ያላየውን ምኑን ይለውጠዋል?

ዓለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው የሥዕል ትምህርት ቤት ካቋቋሙልን ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል፡፡ የእጅ ችሎታ አላጣንም፡፡ ያጣነው ቁጭ ብሎ ማየትን ነው፡፡

ስለዚህ ሠዓሊ ወዳጄ፣ ባናህን ተከናንበህ አንድ ክረምትና አንድ በጋ መንዝ ሰንብት፡፡ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ሳል፤ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፡፡