የጀርባ ቦርሳ ነጋዴ ኬብል ታይ ለምን አይሸጥም?

የጀርባ ቦርሳ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የሚሰማው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ነጋዴው «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ሸማቹ «ፎርጅድ ነው» ይላል። ጨርቁ ይታሻል፣ ስፌቱ ይሳባል፣ የፋብሪካው ስም ይነበባል። ቦርሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአገልግሎት ውጪ የሚሆነው በጨርቁ ምክንያት አይደለም። የዚፑ መጎተቻ ይበጠሳል፤ የወገቡ ዘለበት ይሰበራል፤ ፍራሽና ዱላ የሚንጠለጠልበት ማንገቻ ይላቀቃል። ደህናው ጨርቅ ከነስፌቱ ቁም ሣጥን ላይ ይወረወርና ባለቤቱ ሌላ ቦርሳ ፍለጋ ይወጣል።

ለእነዚህ ጥቃቅን ብልሽቶች መላ የምትሆነው ዕቃ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉባት፣ ገበያው ኬብል ታይ ወይም ዚፕ ታይ የሚላት ባለጥርስ የፕላስቲክ ማሰሪያ ናት። የምትሸጠው ግን ቦርሳ ከሚሸጥበት ራቅ ብሎ፣ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ጎን ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ መቶ ፍሬ በያዘ እሽግ። አምስት ፍሬ የሚበቃው ተጓዥ መቶ ገዝቶ ምን ያደርግበታል? ትቶት ይሄዳል። ቦርሳ ነጋዴው ደግሞ በእጁ ሊገባ የሚችለውን ትርፍ ሳያየው ያልፋል።

ማሰሪያዋ ስትፈጠርም ለቦርሳ አልነበረም። ቶማስ ኤንድ ቤትስ በተባለ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ይሠራ የነበረው ማውረስ ሎጋን፣ የአውሮፕላን ሽቦዎች በክር እየተቋጠሩ ሲታሰሩና የሠራተኞቹ እጅ ሲቆሳሰል አይቶ የሠራት ናት። ኩባንያው «ታይ ራፕ» በሚል ስም ለገበያ ያቀረባት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከዚያ በኋላ ከአውሮፕላን ወርዳ መኪና ውስጥ፣ አጥር ላይ፣ የእርሻ ላስቲክ ላይ ገባች። ድንኳንና ቦርሳ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው ሰው ጥቅሟን የተረዳው ራሱ ነው፤ ያስተማረው ነጋዴ የለም።

ጉዳዩ ዛሬ ተራ የመንገደኛ ብልሃት ብቻ አይደለም። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን መተካት ከባድ ሆኗል። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ሸማቹ የተሰበረውን ጥሎ አዲስ የመግዛት አቅሙ ሲቀንስ፣ የያዘውን ለማቆየት የሚከፍለው ገንዘብ ወደ አንድ ሰው ኪስ መግባቱ አይቀርም። ጥያቄው ወደ ማን ኪስ ነው የሚለው ነው።

ማሰሪያዋ ምን ምን ትሠራለች ቢባል፣ ከሁሉ ቀላሉ የዚፕ ጉዳይ ነው። የዚፑ መጎተቻ ተበጥሶ ትንሿ ብረት ብቻ ስትቀር፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ቀጭን ማሰሪያ በቀዳዳው አሳልፎ ጣት በሚያስገባ መጠን ቀለበት ማድረግ ይበቃል። እንዲያውም በብርድ ጓንት ለለበሰ ሰው ከፋብሪካው መጎተቻ ይልቅ ይመቻል። ከሰልባጅ የተገዙ ቦርሳዎችም በዚሁ ዘዴ በደቂቃ ውስጥ ዋጋቸው ከፍ ሊል ይችላል፤ ሻጩ ግን መጎተቻ የሌለውን ዚፕ እንዳለ አቅርቦ በዋጋው ሲከራከር ይውላል።

ሁለት መጎተቻ ያለውን ዚፕ መሐል ላይ አገናኝቶ በአንዲት ማሰሪያ ማሰርም ሌላው ጥቅም ነው። ቦርሳው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ተጭኖ ሲያድር ወይም በአውሮፕላን ሲላክ ማሰሪያዋ እንደ ማኅተም ታገለግላለች። ሌባን ታስቆማለች ማለት አይደለም፤ በመቀስ የምትቆረጥ ነገር ናት። ነገር ግን ባለቤቱ ቦርሳው መከፈቱን እዚያው፣ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ያውቃል። ለዚህ አገልግሎት የተለየ ቀለም ያላት ማሰሪያ ብትሆን ይመረጣል፤ ቆርጦ በሌላ መተካት እንዳይቀል።

ከውጭ ለሚንጠለጠል ጭነት ደግሞ 4.8 ሚሊ ሜትሯ ትሻላለች። በቦርሳው ጎን ባሉት የተሰፉ ማሰሪያዎች ውስጥ አሳልፎ ቀለበት ከተሠራ የሚጠቀለል ፍራሽ፣ የመራመጃ ዱላ ወይም እርጥብ ጃኬት የሚታሰርበት ቦታ ይገኛል። የድንኳን ዘንግ ቢሰበር፣ የድንኳን ካስማ ከስብራቱ ጎን አስጠግቶ በሦስትና በአራት ማሰሪያ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ልክ እንደ ወጌሻ ሥራ ነው፤ ሌሊቱን ያሳድራል። የተላቀቀ የጫማ ሶልንም ለጥቂት ሰዓት ይይዛል፤ ድንጋይ ላይ ግን ቶሎ ስለሚበላ መለዋወጫ መያዝ ያሻል።

የሚስተውለው ስህተት ግን ማሰሪያዋን ከአቅሟ በላይ ማመን ነው። የተለመዱት ምርቶች 2.5 ሚሊ ሜትሯ 8 ኪሎ ገደማ፣ 4.8 ሚሊ ሜትሯ 22 ኪሎ ገደማ፣ 7.6 ሚሊ ሜትሯ ደግሞ 54 ኪሎ ገደማ የመሳብ አቅም አላቸው። ይህ ቁጥር ጸጥ ባለ ቦታ ቀስ ተብሎ ለሚሳብ ነገር እንጂ ለሚነጥር ሸክም አይደለም። 15 ኪሎ የያዘ ቦርሳ ዳገት ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ ይወዘወዛል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይነጥራል። ስለዚህ የትከሻው ማንገቻ ከሥሩ ከተተረተረ መርፌና ክር እንጂ ኬብል ታይ መፍትሔ አይደለም። ከዚህም በላይ ቀጭኗ ማሰሪያ ጨርቁን እንደ ቢላ ስለምትበላው ጉዳቱን ታሰፋለች። «ሁሉን ታስራለች» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ገደል አፋፍ ላይ እንዳያስከዳው ቢጠነቀቅ መልካም ነው።

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄደውን ሰው ማሰብ ይቻላል። ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚያልፈው መንገድ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጭነቱ ብዙውን ጊዜ በበቅሎ ጀርባ በገመድ ተጠፍሮ ስለሚጓዝ ዘለበትና መጎተቻ በቀላሉ ይሰበራል፤ የቦርሳ መለዋወጫም ደጋው ላይ አይገኝም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተፈጠሩት ግጭቶች የዚያን አካባቢ የጉብኝት ገበያ ክፉኛ ጎድተውታል። በአንፃሩ ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባና ወደ ወንጪ በእግር የሚወጣው የአዲስ አበባ ወጣት በርክቷል። የቦርሳ ነጋዴው አዲሱ ደንበኛ እሱ ነው፤ ከሱቅ ወጥቶ ሁለት ቀን ሳይቆይ መጎተቻ ተበጥሶበት የሚመለሰውም እሱ ነው።

አንዳንድ ነጋዴ «ከቦርሳው ጋር መጠገኛ ካቀረብኩ ቦርሳዬ ይሰበራል ማለቴ አይሆንም ወይ?» ሊል ይችላል። መኪና ሻጭ ክሪክና ትርፍ ጎማ ሲያስረክብ መኪናው መጥፎ ነው ብሎ የጠረጠረ ገዢ አልታየም። ከሦስቱ ስፋት ጥቂት ጥቂት ፍሬ በትንሽ ላስቲክ አሽጎ ከቦርሳው ጋር መስጠት፣ ለሌላው ደግሞ በነጠላ መሸጥ ከመቶ ፍሬው እሽግ የተሻለ ትርፍ አለው፤ ይህንን ስሌት ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥ ልጅ አሳምሮ ያውቀዋል።

ዕቃውን የሚያስገባ ሰው ግን ስለ አያያዙ ማወቅ ይኖርበታል። ማሰሪያዋ የምትሠራበት ናይለን እርጥበት ይፈልጋል። እሽጉ ተቀዶ በደረቅ ወራት መደርደሪያ ላይ ከከረመ ይደርቅና ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ደንበኛውም «ቻይና ናት» ብሎ ይሄዳል። በድርቀት ብቻ የጠነከረችውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት መልሶ ያለሰልሳታል። ፀሐይ የበላችውን ግን ምንም አያድናትም። ለዚህም ነው ለውጭ አገልግሎት ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁሩ ዓይነት የሚመረጠው፤ ነጩ ለቤት ውስጥ ነው። ጥቁር ሁሉ ግን ፀሐይ ይችላል ማለት አይደለምና ጅምላ ገዢ የአምራቹን ዝርዝር መጠየቅ አለበት። ለማሳያ ተብሎ በር ላይ ፀሐይ ሲመታ የከረመው እሽግም ለደንበኛ መሸጥ የለበትም።

የተረፈው ጫፍ አቆራረጥ ላይም አንድ ነገር አለ። በመቀስ ሰያፍ የተቆረጠ ጫፍ እንደ ምላጭ ስለሚሆን የዝናብ ልብስ ይቀዳል፣ እጅ ይቧጭራል። በጥፍር መቁረጫ ከጭንቅላቷ ሥር አስጠግቶ መቁረጥ ይሻላል፤ ቁራጩም ጭላዳ የሚግጥበት ሣር ላይ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይገባል። ማሰሪያዋን ደግሞ ለመጠቀም የሚሻ ሰው ጥርሷን በመርፌ ጫፍ ቀና አድርጎ ሳይቆርጥ ሊፈታት ይችላል። የቦርሳ ነጋዴው እሽጉ ላይ አንዲት መርፌና ጥቂት ክር ቢጨምርበት የትከሻ ማንገቻውንም ጉዳይ አብሮ ይዘጋዋል።