ከላይ የሚንጠባጠበው ውኃ የማን ዕዳ ነው?

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። ከኮንዶሚኒየም ቤቴ ሥር የሚኖሩት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ውኃህ መኝታ ቤቴ ገባ» አሉኝ። ተከራዬ «ቤቱ የኔ አይደለም» አለ። ኮሚቴው «የግል ቤት ጉዳይ ነው» አለ። እኔም እዚህ ጀርመን ቁጭ ብዬ «ድሮም ኮንትራክተሩ ነው ያበላሸው» አልኩ። እንዲህ ስንባባል ሁለት ወር አለፈ። የእሳቸው ጣሪያ ልስኑ ረገፈ፤ አልጋቸውን ሳሎን አወጡ።

ሁላችንም ማን እንደሚከፍል እንጂ ውኃው ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅንም። መልሱ ግን እዚያው ነው ያለው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣበት ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ነው። ከዞረ፣ ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው መስመር ይፈሳል፤ ያ የባለቤቱ ነው። ቆጣሪው ቆሞ፣ ሰው ሲታጠብ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሲፎኑን ወይም ከሴራሚኩ ሥር ያለውን መጠርጠር ነው፤ ይኼም የባለቤቱ። እኔ ቤት ማንም ሳይታጠብ፣ ከላይ ያለው ፎቅ ውኃ ሲለቅ የሚወርድ ከሆነ ግን ችግሩ የጋራው ቱቦ ላይ ነው፤ የብሎኩ ሁሉ ዕዳ ነው።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የጋራ ህንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉን ከጋራው ይለያል፤ የጋራውን መጠገን የማህበሩ ሥራ ነው፣ ወጪውን ባለቤቶቹ ያዋጣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። እኔ እንደማነበው «ውጭ አገር ነኝ፣ አላወቅሁም» ማለት አያድንም። ተከራይ ውኃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ ወጥቶ ሌሊት ቤቱ ቢጥለቀለቅስ? ጥፋቱ የሱ ነው፤ ግን ከሱ ጋር መተሳሰብ ያለብኝ እኔ ነኝ እንጂ ከታች ያሉት እናት አይደሉም።

ኮሚቴውን መውቀስ ቀላል ነው። እዚህ የምኖርበት ሕንፃ የቤት ባለቤቶች በየወሩ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ላይ የተወሰነው ለጥገና ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ቧንቧ ሠራተኛው መጀመሪያ ይጠራል፣ ክርክሩ በኋላ ይመጣል። የኛ ብሎክ ኮሚቴ ግን ቧንቧ ሠራተኛ የሚጠራበት ገንዘብ የለውም። ለምን? እንደኔ አከራይቶ የሄደው ባለቤት መዋጮውን አይከፍልማ! ኪራዩን ግን በየወሩ እንቆጥራለን። ኮሚቴዎች መዋጮውን ከኪራዩ ላይ ተወካያችን በቀጥታ እንዲከፍል ቢያስገድዱን አልቃወምም።

በመጨረሻ ሴራሚኩ ሲነሳ የሲፎኑ መገጣጠሚያ ለቆ ተገኘ። የኔው ነበር። የኔን ወለል፣ የእሳቸውን ልስንና ቀለም ከፈልኩ። ወንድሜ ገንዘቡን ሊያደርስ ሲሄድ ኮሚቴው ደግሞ ሌላ ወረቀት ሰጠው፤ የሦስት ዓመት ያልተከፈለ መዋጮ። እሱንም ከፈልኩ።