እንቅልፋም ማን ነው?

በቋንቋችን «እንቅልፋም» ማለት ስድብ ነው፤ ሰነፉንም ዝንጉውንም በአንድ ቃል ይወቅሳል። እኔ ግን ከምሳ በኋላ ጋደም ለሚል ሰው ጠበቃ ልቆም ወድጃለሁ።

በግሪክ አገር በሞቃቱ ወራት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል የጋራ ጸጥታ ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ ጎረቤቱን በጩኸት የሚያውክ በሕግ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት 23,681 ጤነኛ ግሪካውያንን በአማካይ ከስድስት ዓመት በላይ ተከታትሎ ነበር። ዘወትር ቀን የሚተኙት ከማይተኙት ይልቅ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ37 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱም ጎልቶ የታየው በሥራ ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ ነው። እርግጥ እንዲህ ያለው ጥናት ዝምድናን ያሳያል እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። ቢሆንም ሰነፍ ለምንለው ሰው የሚከራከር ቁጥር ነው።

ጃፓናውያን ደግሞ «ኢነሙሪ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ በሥፍራው ተገኝቶ ማንቀላፋት እንደ ማለት ነው። በባቡር ወይም በስብሰባ ላይ ሸለብ ያደረገውን ሰው ሥራ ያደከመው ትጉህ አድርገው ያዩታል። ቅናቴ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ካነጻጸራቸው 33 አገሮች መካከል ጥቂት የሚተኙት ጃፓናውያን ናቸው፤ 7 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። ከሥራ ብዛት የሚመጣውን ሞት «ካሮሺ» ብለው ሰይመውታል፤ በ2014ም መከላከያ ሕግ አውጥተውለታል። የግሪኩ ሸለብታ ዕረፍት ነው፤ የጃፓኑ ግን ሌሊቱ የተበደረውን ቀኑ ሲከፍል ነው። እኛም ልንቀዳው የሚገባን የፊተኛውን ይመስለኛል።

ከቀትር በኋላ ዓይናችን ሲከብድ እንጀራውን እንከሳለን። ነገር ግን ምሳ ያልበላም ያንቀላፋል፤ ጿሚ ባልደረቦቼ ምስክሮቼ ናቸው። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት ራሱ በዚያ ጊዜ ንቃትን ዝቅ ያደርጋልና።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በባንክ መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዜሮዎቹ ይደራረባሉ፤ ወረፋው ግን አያጥርም። ጉድለት ቢገኝ ከኪሱ የሚከፍለው ያው ያንቀላፋው ሰው ነው። የጃፓን ጤና ሚኒስቴር እንኳ በ2014 መመሪያው ለሠራተኞች ከቀትር በኋላ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ እንቅልፍ መክሯል። እኔ የምለምነው አልጋ አይደለም፤ በር የሚዘጋበት አንድ ክፍል፣ ደገፍ የሚሉበት ወንበርና 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ለሻይ የሚፈቅድ አለቃ ይህን ቢፈቅድ ምን ይጎድልበታል?